የዩኒቨርሲቲ ግቢ መብራትና ውሃ ኃላፊ ስትሆኑ፦ ከምጣዱ ጀምሩ

ሹመቱ በደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ከዛሬ ጀምሮ ስልካችሁ የሚጠራው የሆነ ነገር ሲጠፋ ብቻ ነው። «ዛሬ መብራት አለ፣ ተመስገን» ብሎ የሚደውል ሰው የለም።

ይህን የምጽፈው አሥር ሺህና ከዚያ በላይ ተማሪ የሚያድርበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለተረከበ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ግቢ ትንሽ ከተማ ነው። ዶርም፣ ክሊኒክ፣ ላብራቶሪ፣ ሺዎችን በቀን ሦስት ጊዜ የሚያበላ ካፌ አለው። ከከተማ የሚለየው ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት መብላቱ፣ በአንድ ሰዓት መታጠቡና በአንድ ሰዓት ቻርጀር መሰካቱ ነው። ስለዚህ «ኃይል አነሰን» የሚባለው ብዙ ጊዜ በደንብ ሲታይ የሰዓት መደራረብ ሆኖ ይገኛል። አዲስ ትራንስፎርመር ከመጠየቃችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ።

ደረጃ 1፦ በእግር ዙሩ

የመጀመሪያውን ሳምንት ቢሮ አትቀመጡ። በየግቢው ጡረታ ሊወጡ የደረሱ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው አንድ ኤሌክትሪሺያን አይጠፉም። የትኛው ኬብል በየት እንደተቀበረ፣ የትኛው ቫልቭ ግማሽ ድረስ ብቻ እንደሚዘጋ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ፋይል ክፍል ያለው ሥዕል ግቢው ሲሠራ የተሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጨመሩት ሕንፃዎች የሉበትም።

ከጋሼ ጋር ዙሩ። ከዋናው መስመር መግቢያ ጀምሩ፤ በብዙ ቦታ 15 ኪሎቮልት ነው። የእያንዳንዱን ትራንስፎርመር ኬቪኤ (የአቅሙ መለኪያ ነው)፣ የተሠራበትን ዓመትና የሚመግባቸውን ሕንፃዎች ጻፉ። ዋና ብሬከሮችን፣ ጄኔሬተሮችን፣ ጉድጓዶችን፣ ፓምፖችን፣ ታንከሮችን፣ ቫልቮችን፣ ማንሆሎችን መዝግቡ። የስልካችሁን ሎኬሽን አብርታችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ለኤሌክትሪኩ አንድ ሥዕል፣ ለውሃው ሌላ ሥዕል አውጡ። በእጅ የተሳለ ይበቃል። ኮፒውን ጄኔሬተር ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

በዚያው ዙር አንድ ጥያቄ ጨርሱ፦ ትራንስፎርመሮቹ የማን ናቸው? አንዳንዱ የኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ አንዳንዱ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ሊሆን ይችላል። ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ። ሲቃጠል «የእናንተ ነው፣ የእኛ አይደለም» እየተባባሉ ሦስት ቀን በጨለማ ማደር አለ።

ደረጃ 2፦ ምጣዱን ለኩ

አዲስ ኃላፊ ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው አምፖል ላይ ነው። «ኤልኢዲ እንቀይር» ይላል። ቀይሩ፣ ጥሩ ነው። የግቢያችሁ ትልቁ ጭነት ግን ምናልባት ካፌው ጀርባ ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ነው። 60 ምጣድ አንድ ላይ ሲበራ 210 ኪሎዋት ይሆናል። ካፌውን የሚመግበው 315 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ነው እንበል። ድምሩን ያየ ሰው «ሁለት ሦስተኛው ነው፣ ምንም አይል» ብሎ ይሄዳል።

አሁን ክላምፕ ሜትር (ኬብሉን አቅፎ አምፔር የሚለካውን) ይዛችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጋጋሪዎቹ ሥራ ሲጀምሩ ሂዱ። ምጣዶቹ በሦስቱ ፌዝ፣ ማለትም ከትራንስፎርመሩ በሚወጡት ሦስት የኃይል መስመሮች ላይ እንዴት እንደተከፋፈሉ እዩ። እኩል ቢከፋፈሉ በየፌዙ 20 ምጣድ፣ 320 አምፔር ነበር። ግን ባለፉት ዓመታት ምጣድ በተጨመረ ቁጥር ሠራተኛው ለእጁ የቀረበው መስመር ላይ ቀጥሎታል። አንዱ ፌዝ 30፣ ሌላው 18፣ ሦስተኛው 12 ሆኗል። 30 ምጣድ የተሸከመው ፌዝ 480 አምፔር ይስባል። የ315 ኬቪኤ ትራንስፎርመር አቅም ደግሞ በየፌዙ 455 አምፔር አካባቢ ነው። ድምሩ ሰላም ነው፣ አንዱ ፌዝ ግን ከአቅሙ በላይ እየነደደ ነው። በመመለሻው ሽቦ፣ በኒውትራሉም ላይ 250 አምፔር የሚጠጋ ይመለሳል። ያን ያህል እንዲሸከም ታስቦ የተመረጠ ኒውትራል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ በሠራሁበት ግቢ የአንድ ሕንፃ ኒውትራል መጋጠሚያው ላይ እየጋለ ቆይቶ ተበጠሰ። ኒውትራል ሲበጠስ መብራት አይጠፋም፤ የከፋው ይህ ነው። ቮልቴጁ በየፌዙ ይዛባል፤ ትንሽ ጭነት ባለበት ፌዝ ላይ ወደ 300 እና ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችላል። በዚያ ምሽት የተቃጠለውን ቻርጀርና ቴሌቪዥን ቆጥረን አልጨረስንም። ተማሪዎቹ ሰልፍ ይዘው ቢሮ መጡ። እውነታቸውን ነበር።

መፍትሔው ብዙ ብር አይጠይቅም። ምጣዶቹን በሦስቱ ፌዝ እኩል መድቡ። የኒውትራል መጋጠሚያዎችን አጥብቁ። መጋገሩን በሁለት ፈረቃ ክፈሉት፤ 60 ምጣድ አንድ ላይ ከሚበራ 30ው ቀድሞ፣ 30ው ዘግይቶ ይብራ። ይህን ለማድረግ ግን ከጋጋሪዎቹ አለቃ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡ። በደብዳቤ አይሆንም። የሊጡን፣ የጭሱንና የእንቅልፉን ነገር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እኔ መጀመሪያ በማስታወቂያ ሞክሬ ማስታወቂያው በማግስቱ የእንጀራ መጠቅለያ ሆኖ አገኘሁት።

ሌሎቹንም ትራንስፎርመሮች እንዲሁ ለኩ። ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ጠዋት፣ ቀትር፣ ምሽት 2 ሰዓትና ሌሊት። ንዑስ ቆጣሪ ማስገጠም ከቻላችሁ ካፌውን፣ የውሃ ፓምፑንና ዶርሞቹን አስቀድሙ። ለዲን ቢሮ ቆጣሪ ማስገጠም ጌጥ ነው።

ደረጃ 3፦ ቢሉን እንደ ደብዳቤ አንብቡት

በብዙ ግቢ ቢሉ በቀጥታ ፋይናንስ ገብቶ ይከፈላል። ቴክኒክ ክፍል አያየውም። ከዚህ ወር ጀምሮ ኮፒው ለእናንተ ይምጣ።

ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው የዲማንድ ክፍያ ነው፤ ካለ፣ በወሩ ውስጥ ከፍተኛ ለሆነው ጭነት የሚከፈል ነው። ወሩን ሙሉ ቆጥባችሁ አንድ ቀን ምጣዱም፣ ፓምፑም፣ ወርክሾፑም አንድ ላይ ቢነሱ የዚያን ቀን ጫፍ ትከፍላላችሁ። ሁለተኛው ፓወር ፋክተር ነው፤ ከትራንስፎርመሩ ከምትጠይቁት ኬቪኤ ውስጥ እውነተኛ ሥራ የሚሠራው የኪሎዋት ድርሻ ማለት ነው። ምጣድ እዚህ ላይ ንጹሕ ነው። የሚያበላሹት ሞተሮች፣ ፓምፖች፣ የብየዳ ማሽኖችና የድሮ ባላስት ያላቸው ፍሎረሰንቶች ናቸው።

500 ኪሎዋት የሚስብ ግቢ ፓወር ፋክተሩ 0.75 ከሆነ ከትራንስፎርመሩ 667 ኬቪኤ ይጠይቃል። ያላችሁ 630 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ከሆነ ሞልቶ ፈሷል ማለት ነው። ፋክተሩን ወደ 0.95 ብታነሱት 526 ኬቪኤ ይሆናል። ያው ትራንስፎርመር ተመችቶት ይሠራል። ለዚህ 280 ኪሎቫር (የካፓሲተር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ካፓሲተር ባንክ ያስፈልጋል። አዲስ ትራንስፎርመር ከመግዛት ጋር ዋጋውን አወዳድሩ። ስትገዙ ግን በደረጃ ራሱ የሚገባና የሚወጣ ይሁን። ሌሊት ጭነት ሳይኖር ካፓሲተሩ ሁሉ ገብቶ ካደረ ቮልቴጅ ይወጣል።

ደረጃ 4፦ ትራንስፎርመር ዝም ያለ በሬ ነው

እስኪወድቅ ድረስ አይናገርም። ስለዚህ በየሳምንቱ ሂዳችሁ እዩት፦ የዘይት መጠኑን፣ የሙቀት መለኪያውን፣ የሚያንጠባጥብ ካለ፣ የመተንፈሻውን ሲሊካ ጄል። ጄሉ ሰማያዊ ከነበረ ወደ ሮዝ ሲቀየር እርጥበት ጠጥቷል፤ ይቀየር ወይም ይድረቅ። በዓመት አንድ ጊዜ የዘይት ናሙና አስመርምሩ። አገልግሎት ላይ ያለ ዘይት በ2.5 ሚሊሜትር ክፍተት ቢያንስ 30 ኪሎቮልት መቋቋም አለበት።

ሙቀትን አትናቁ። ትራንስፎርመሩ ከተሠራበት የሙቀት ልክ በላይ በሚወጣበት በየ6 ዲግሪው የውስጡ ወረቀት የእርጅና ፍጥነት በእጥፍ ይጨምራል። ከላይ የቆጠርነው የተዛባ ፌዝ በዝምታ የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው። አጥሩንና የዘይት መውጫ ቫልቩን ቆልፉ። ዘይት የሚሰርቅ ሰው አለ፤ በማግስቱ የሚቃጠለው ትራንስፎርመር ደግሞ ሚሊዮን ብሮች ነው።

ደረጃ 5፦ ጄኔሬተር

«ጄኔሬተር አለን» ማለትና «ጄኔሬተሩ ይነሳል» ማለት የተለያየ ነገር ነው። ሲፈለግ አልነሳ የሚለው ብዙውን ጊዜ በባትሪ ምክንያት ነው። ስለዚህ ባትሪውን በየሳምንቱ ለኩ፣ ቻርጀሩ መሥራቱን አረጋግጡ። በወር አንድ ጊዜ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በእውነተኛ ጭነት አስነሱት። ባዶውን ማስነሳት ልምምድ አይደለም። እንዲያውም ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ናፍጣው በደንብ ሳይነድ ጥቀርሻና ቅባት ይሰበስባል።

መጠኑን ስትመርጡ ከፍታውን አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ያህል አይሰጥም። ምን ያህል እንደሚቀንስ እንደ ሞተሩ ይለያያል። ጨረታው ሰነድ ላይ «በዚህ ከፍታ ላይ የሚሰጠው ኪሎዋት» የሚል ዓምድ ጨምሩ። ሻጩ ሰንጠረዡን ካላመጣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ቀጥሎ ማን ይብራ የሚለው ነው። ጄኔሬተር ሁሉንም አይችልም። የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ክሊኒክ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የላብራቶሪ ፍሪጆች፣ ሰርቨር ክፍል፣ የመንገድና የዶርም ኮሪደር መብራት፣ ላይብረሪ። አስተዳደር ሕንፃው መጨረሻ ነው። እዚህ ላይ ትጣላላችሁ፤ ዝርዝሩን ቀድማችሁ በፕሬዚዳንቱ አስፈርሙ። ስማችሁ ሳይሆን ፊርማው ይከራከር። ትላልቅ ፓምፖችንም በተራ አስነሱ። በቀጥታ የሚነሳ ሞተር ለአፍታ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከተነሱ ጄኔሬተሩ ይሞታል።

ናፍጣን በሊትር ብቻ አትቆጣጠሩ። የኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪ አብራችሁ ግጠሙ። ጤነኛ ጄኔሬተር በጥሩ ጭነት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ0.25 እስከ 0.30 ሊትር ይፈልጋል። 300 ኪሎዋት ተሸክሞ የሚሠራ ከሆነ በሰዓት 80 ሊትር ገደማ ነው። መዝገቡ 120 ካሳየ ወይ ሞተሩ ታሟል፣ ወይ ናፍጣው በሌላ መኪና ሄዷል። ማንንም ሳትወነጅሉ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። በሚገርም ፍጥነት ሞተሩ ይሻለዋል።

አሁን ሳላለሰልስ የምለው ነገር። የጄኔሬተሩና የመብራት ኃይሉ መስመር በአንድ ጊዜ መገናኘት የማይችሉበት ሜካኒካል መቆለፊያ መኖር አለበት። ያለዚያ ጄኔሬተራችሁ ወደ ኋላ ይልካል። ትራንስፎርመሩ 400 ቮልቱን መልሶ 15,000 ቮልት ያደርገዋል። ውጭ ምሰሶ ላይ «መስመሩ ጠፍቷል» ብሎ የወጣ ሰው አለ። መቆለፊያ ከሌለ ዛሬውኑ ያንን ጄኔሬተር አስቁሙ።

ደረጃ 6፦ ውሃ

12,000 ተማሪ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም 600 ሜትር ኩብ ነው። መጀመሪያ የሚገባውን ለኩ፤ ከጉድጓድም፣ ከከተማም። ከዚያ የሚፈሰውን ፈልጉ።

መጽሐፉ «ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ፍሰቱን ለኩ፣ ያኔ የሚፈሰው ሊኬጅ ነው» ይላል። እኛ ጋ አይሠራም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ተማሪው ጀሪካን የሚሞላው በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ተማሪ በሌለበት በእረፍት ሰሞን ሞክሩት። የታንከሩን መግቢያ ዝጉ፣ መውጫውን ክፍት ተዉ፣ ደረጃውን በሜትር ለኩ። የታንከሩ ወለል 25 ካሬ ሜትር ከሆነና ውሃው በሰዓት 4 ሳንቲሜትር ከወረደ፣ በሰዓት 1,000 ሊትር እየፈሰሰ ነው። በቀን 24,000 ሊትር፤ የ480 ተማሪ ድርሻ። ከዚያ ቫልቭ በቫልቭ እየዘጋችሁ የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ለዩ። ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ዋና መስመር ጠብቃችሁ የምታገኙት የሽንት ቤት ፍላሽ ነው። ሌላው ጉድ ውሃ በሌለበት ሰዓት ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧ ነው፤ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ጎርፉ ደረጃ ይወርዳል። ራሳቸውን የሚዘጉ ቧንቧዎች ለዶርም ይከፍላሉ።

ፓምፑንም በሒሳብ ጠይቁት። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ የተፈጥሮ ሕግ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። ደህና ፓምፕ ከ0.5 እስከ 0.6 ይወስዳል። የእናንተ 1 ከደረሰ ወይ ውስጡ ተበልቷል፣ ወይ አንድ ቦታ ግማሽ የተዘጋ ቫልቭ አለ። ጋሼን ጠይቁ።

ታንከር ካላችሁ ፓምፑን በምሽት 2 ሰዓት አታስነሱ። ሁሉም የሚያበራው ያኔ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ጋጋሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት ሙሉት። ወይም ቀን በሶላር። ግቢ ውስጥ ሶላር መጀመሪያ የሚገባበት ቦታ ይህ ይመስለኛል፤ ባትሪ አያስፈልግም፣ ታንከሩ ራሱ ማጠራቀሚያ ነው። 1 ኪሎዋት ፓኔል በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል ብለን ብንይዝ፣ 600 ሜትር ኩቡን 100 ሜትር ለማንሳት 80 ወይም 90 ኪሎዋት ፓኔል ይበቃል።

ጥራቱ ላይ አንድ አደጋ አለ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣና ሲሄድ ባዶው ቧንቧ ውስጥ ግፊቱ ይወርዳል፤ ከጎኑ ያለውን ፍሳሽ በስንጥቁ ይስባል። አተት ግቢ የሚገባው እንዲህ ነው። መጨረሻ ያለው ዶርም ቧንቧ ላይ ክሎሪኑን በየቀኑ ለኩ፤ ከ0.2 ሚሊግራም በሊትር በታች ከሆነ ታንከሩ ላይ ጨምሩ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ የጉድጓዱን ፍሎራይድ አስመርምሩ፤ ክሎሪን እሱን አያወጣም።

ስለ ፍሳሽ ሁለት ነገር ብቻ። ካፌው ላይ የቅባት ማጥመጃ ይኑር፣ በየሳምንቱ ይጠረግ። ማንሆል ውስጥ ደግሞ ማንም ብቻውን አይግባ። የማይሸት ጋዝም ይገድላል፤ ሊያወጣው ብሎ ተከትሎ የገባውንም።

ደረጃ 7፦ ዶርም ውስጥ ያለው ምድጃ

አለ። ፍተሻ ሲመጣ አልጋ ሥር ይገባል። መከልከል ብቻውን አይሠራም፤ ተማሪው ሻይና ሽሮ ይፈልጋል። እኔ የሞከርኩትና የሠራው በየፎቁ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ብሬከር ያለው ትንሽ ማብሰያ ክፍል መሥራት ነው። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ስታገኙ መቅጣት ያምርባችኋል።

ደረጃ 8፦ ካላንደሩ ይጣላችኋል

ዶርም ባዶ የሚሆነው ክረምት ነው። ትልቅ ጥገና የሚቻለው ያኔ ነው። ግን የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ አዲሱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ግዥ ክፍል በሰኔ ሒሳብ ይዘጋል፣ በሐምሌ «ገና ነው» ይላል። ሕንፃው ባዶ በሆነበት ወቅት እጃችሁም ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የክረምቱ ዕቃ፣ ኬብሉም፣ ብሬከሩም፣ የፓምፕ መለዋወጫውም፣ እስከ ግንቦት ስቶር መግባት አለበት። ጥያቄውን ጥር ላይ አስገቡ።

ቁፋሮ ያለበትን ሥራ ለክረምት አትተዉ፤ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል። የመሬት ማስገቢያውን ኤርዝ የምትለኩት መጋቢት ላይ ነው፣ አፈሩ በደረቀበት። ነሐሴ ላይ ለክቶ «ጥሩ ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው። የመብረቅ መከላከያዎቹ ከሰኔ በፊት ይታዩ።

ደረጃ 9፦ መዝገብና ሰው

ትልልቅ ግቢዎችን አይቶ የሚቀና አይጠፋም። አሜሪካ ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ግቢ የራሱን መብራት ራሱ ያመነጫል፣ የሚተርፈውን ሙቀትም ለማሞቂያና ለሙቅ ውሃ ይጠቀምበታል። እኛ ማሞቂያ ስለማንፈልግ እሱን እንዳለ መቅዳት ትርጉም የለውም። ልንቀዳ የሚገባን ሌላ አለ፤ መዝገብ።

የፈረቃ ደብተር አስጀምሩ። ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ ሰዓት፣ ምን ሆነ፣ ምን ተደረገ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተረካቢውም አስረካቢውም ይፈርሙ። ብሬከር አጥፍቶ የሚሠራ ሰው የራሱን ቁልፍ ቆልፎበት ቁልፉን ኪሱ ይክተት፤ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ነፋስ ይወስደዋል። የጎማ ጓንትና የመፈተሻ መሣሪያ ሳይገዛ ባለሥልጣን መኪና ጎማ ሲቀየር ካያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

ለአመራሩ በወር አንድ ገጽ ላኩ። የተጠቀምነው ኪሎዋት ሰዓት፣ የከፈልነው ብር፣ የናፍጣ ሊትር በኪሎዋት ሰዓት፣ የጠፋበት ሰዓት፣ ውሃ የገባና የወጣ። ከጎኑ ያለፈው ዓመት ያው ወር። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ገጹ ሲዘገይ ራሳቸው ደውለው ይጠይቃሉ። ያኔ የካፓሲተሩን ጥያቄ አያይዛችሁ ላኩት።

ጋሼም ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ከሥራቸው አይለይ። ቫልቮቹን አብረው ይዙሩ፣ እሳቸው እያሳዩ እሱ ቁጥር ይቀባ።